«ተጠይቀው እሺ ብለዋል»፦ ስለ አንዲት ቴምብር የቀረበ ሙግት



ባለፈው ቅዳሜ በንባብ ክበባችን የተነሣው ክርክር ተዳፍኖ እንዳይቀር ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። ክርክሩን የገጠምኩት ከአንድ ታላቅ ወንድማችን ጋር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ በዕድሜም በትምህርትም ይበልጡኛል፤ ለሻይ ስንቀመጥም ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የተናገሩት ነገር በወጣቶቻችን ልብ ገብቶ እንደ እውነት ሥር ሲሰድ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። በአፍ ብመልስ ነፋስ ይወስደዋልና እነሆ በወረቀት።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቴምብር ነው። በእርዳታ በመጣልን የመጽሐፍ ካርቶን ውስጥ አንድ አሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አገኘሁ። በገጾቹ መካከል፣ አንባቢው ያቆመበትን ቦታ እንዲያስታውስ ሳይሆን አይቀርም፣ ይህች ቴምብር ተሸጉጣ ነበር። የማርሻል ደሴቶች ናት፤ የታተመችውም በ1986 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሁለቱን እያቀያየርኩ አንባቢን አላደክምም።) የአሜሪካ ጦር ቢኪኒ በምትባል የፓስፊክ ደሴት የአቶሚክ ቦምብ መሞከር የጀመረበትን 40ኛ ዓመት ለማስታወስ ከወጡት አንዷ ስትሆን፣ የቢኪኒ ሰዎች አገራቸውን ለቀው ወደ መርከብ ሲገቡ ታሳያለች።

ቢኪኒ የሚለውን ስም ሳነብ ወጣቶቹ ሳቁ። አልፈርድባቸውም። ስሙ በዓለም አፍ የቀረው በሴቶች የዋና ልብስ ነው። የመጀመሪያው ቦምብ የፈነዳው ጁላይ 1 ቀን 1946 ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 5፣ ሉዊ ሬአር የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ያወጣውን አዲስ የዋና ልብስ በዚያች ደሴት ስም ጠራው። ሰዎቹ ያን ጊዜ በሰው አገር የሚበላ እየፈለጉ ነበር፤ ስማቸው ግን በፓሪስ ገበያ ዋለ።

ወንድማችን አልሳቁም። ቴምብሯን ወደ ብርሃን አስጠግተው አይተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «እነዚህ ሰዎች እኮ ተጠይቀው እሺ ብለዋል። አለቃቸው ራሱ ፈቅዷል። ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው ኋላ ተበደልኩ ቢል ማን ይሰማዋል?» ቀጥለውም ሰሞኑን በውኃ ወረፋ ላይ የሚናፈሰውን ወሬ አነሡ፤ ካምፑ ስለጠበበ ከፊሎቻችን «ለጊዜው» ወደ ሌላ ቦታ እንዛወራለን የሚባለውን ማለቴ ነው። «እኛንም ከጠየቁን እሺ ማለት ነው፤ መጠየቃቸው ራሱ ክብር ነው» ብለው ደመደሙ።

ሙግቴ ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቅ፤ መምህር ነኝና ካርታ ሳልሥል መከራከር አይሆንልኝም። ቢኪኒ እንደ ጣና ደሴቶች ያለ ጉብታ አይደለም። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት የኖራ ቤት በብዙ ሺህ ዓመታት ተደራርቦ አለት ይሆናል። ቻርልስ ዳርዊን እንዳስረዳው በውቅያኖስ መካከል የበቀለ እሳተ ገሞራ ቀስ በቀስ ሲሰጥም፣ በዙሪያው ያለው ኮራል ግን ፀሐይ ፍለጋ ወደ ላይ ያድጋል፤ በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ይቀራል። አንድ ትልቅ ድስት ውኃ ውስጥ ተነክሮ የአፉ ጠርዝ ብቻ ብቅ ቢል ይህን ይመስላል። በጠርዙ ላይ ሰው ይኖራል፣ የኮኮናት ዛፍ ይበቅላል። ውስጡ ያለው ጸጥ ያለ ውኃ ደግሞ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ልጆች ጀልባ መቅዘፍ የሚማሩበት ጓሮ ነው። የዳርዊን አሳብ በቁፋሮ የተረጋገጠው በእነዚሁ በማርሻል ደሴቶች፣ ኢኒዌታክ በተባለችው ላይ በ1952 ነው፤ ከ1,200 ሜትር በላይ ኮራል ከተበሳ በኋላ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ተገኘ። ይህን ለተማሪ ማስተማር ደስ ይላል። ግን በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር፣ በዚያችው ኢኒዌታክ የመጀመሪያው የሃይድሮጅን ቦምብ ተፈትኖ ኤሉጌላብ የምትባለዋን ደሴት ከምድረ ገጽ አጠፋት። ዕውቀቱና ጥፋቱ የመጡት በአንድ ጭነት ነው።

አሁን ወደ «ተጠይቀዋል» እንምጣ። ወንድማችንን የምጠይቃቸው ቀኑን ብቻ ነው። ቢኪኒ ለሙከራው መመረጧ ለዓለም የተነገረው በጃንዋሪ 1946 ነው። የደሴቶቹ ወታደራዊ ገዥ የነበረው ኮሞዶር ቤን ዋያት ወደ ቢኪኒ ሄዶ ሰዎቹን «ለሰው ልጅ ጥቅምና የዓለምን ጦርነቶች ለማስቀረት፣ ለጊዜው አገራችሁን ትለቃላችሁን?» ያላቸው በፌብሩዋሪ፣ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ፍርዱ በጃንዋሪ፣ ጥያቄው በፌብሩዋሪ! በሬው ከታረደ በኋላ ባለቤቱን «ልረደው ወይ?» ማለት በየትኛው አገር ነው ጥያቄ የሚባለው? ጠያቂው ደግሞ የእስራኤልን ሕዝብ ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ ነበር የሚናገረው። ሚሲዮናውያን ባስተማሩት ሕዝብ ፊት ቃሉን ማን ሊቃወም?

አለቃቸው ጁዳም መከረበትና ሁሉም ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው ሲል መለሰ። ወንድማችን «እሺ ብሏል» የሚሉት ይህን ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ትርጉም አያስፈልገውም። ሹም ፊት የቆመ ገበሬ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ሲል ፈቀደ ማለት ነው? አያቶቻችን ይህን ቃል የሚናገሩት አልፈቅድም ለማለት አቅም ሲያጡ፣ ፈቅጃለሁ ለማለት ደግሞ ልባቸው እንቢ ሲላቸው ነበር። ጠያቂዎቹ ግን ካሜራ ይዘው መጡ፤ ጥያቄውና መልሱ ፊልም ላይ በደንብ እስኪቀረጽ ድረስ ሰዎቹ ተቀምጠው ያንኑ ትዕይንት ደጋግመው እንዲሠሩ ተደረጉ። ፈቃድ ከሆነ ለምን ይደገማል?

ደግሞስ ማን ነበር የሚጠይቃቸው? ደሴቶቹን መጀመሪያ ጀርመን ገዛ፣ ቀጥሎ ጃፓን፣ ከ1944 ጀምሮ አሜሪካ። ጃፓንን ድል አድርጎ፣ ሁለት ከተሞቿን በአንድ አንድ ቦምብ ያቃጠለ ኃይል በእንግድነት ቁጭ ብሎ «ትፈቅዳላችሁ?» ሲል፣ 167 ሰዎች፣ ሕፃናትና አሮጊቶች ተቆጥረው 167 ብቻ፣ «አንፈቅድም» ይሉታል ተብሎ ይጠበቃል? በዚያው ዓመት ወደ ቢኪኒ የመጣው የሙከራ ጦር ከ200 በላይ መርከቦችና 42,000 ያህል ሰዎች ነበሩት።

«ለጊዜው» ስለምትባለው ቃል ደግሞ እንነጋገር፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሷ ናትና። በማርች 1946 ሰዎቹ ሮንጌሪክ ወደምትባል፣ ከቢኪኒ በእጅጉ ወደምታንስ ሰው አልባ ደሴት ተወሰዱ። የማርሻል ሰዎች ሮንጌሪክን ክፉ መንፈስ ያለባት ናት ብለው አይኖሩባትም ነበር። መንፈሱን ለጊዜው እንተወውና፣ ኮኮናቷ አይበቃም፤ ከዓሣዋም መርዘኛው ብዙ ነበር። የተሰጣቸው ስንቅ በጥቂት ሳምንታት አለቀ። በ1948 መጀመሪያ ሊዮናርድ ሜሰን የተባለ ምሁር ሄዶ ሲያያቸው በረሃብ አፋፍ ላይ አገኛቸው። በዚያው ዓመት ወደ ክዋጃሌን ተወስደው ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በድንኳን ተቀመጡ። (የድንኳን ኑሮ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልተርክም።) ከወራት በኋላ ኪሊ ወደምትባል ደሴት ተዛወሩ። ኪሊ ቀለበት አይደለችም፤ ያ ጓሮ የነገርኳችሁ ጸጥ ያለ ውኃ የላትም፤ ዙሪያዋን ማዕበል ይመታታል፤ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ጀልባ አያስወጣም። በቀዘፋና በዓሣ የሚኮራ ሕዝብ የቆርቆሮ ምግብ ጠባቂ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ሙያ አለኝ የምትሉ ሁሉ እጃችሁን ተመልከቱ። አናጢው፣ ሸማኔው፣ ገበሬው፣ እኔም ጠመኔ የለመደ እጄን እያየሁ ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ከ1946 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች 67 ቦምቦች ተፈተኑ፤ 23ቱ በቢኪኒ ነበሩ። ማርች 1 ቀን 1954 የተፈነዳው፣ ብራቮ ብለው የሰየሙት፣ የሂሮሺማውን 1,000 ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ነበር። ነጭ አመዱ ሮንጌላፕ በምትባለው ደሴት ላይ ሲዘንብ ልጆች ተጫወቱበት፤ ሕዝቡ የተነሣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባም 23 ሠራተኞቿን እንደያዘች አመዱ አገኛት። በሚቀጥለው ወር የማርሻል ሰዎች ሙከራው እንዲቆም ለተባበሩት መንግሥታት አቤት አሉ። አቤቱታውን ካቀረቡት አንዱ ድዋይት ሃይኔ የትምህርት ሰው ነበር፤ የሙያ አጋሬ በመሆኑ ኮርቼበታለሁ። ሙከራው ግን አራት ዓመት ቀጠለ።

በ1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቢኪኒ ከአደጋ ነፃ ናት፣ መመለስ ትችላላችሁ አሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች ተመለሱ፣ ቤት ተሠራላቸው፣ ኮኮናት ተተከለ። ኮኮናቱ ግን ከመሬቱ ሲዚየም የተባለውን መርዝ እየመጠጠ ለሚበላው ሰው ያቀብል ኖሯል፤ በ1978 እንደገና ተጭነው ወጡ። በ2001 ስለ ካሣ የተቋቋመው ፍርድ ቤት ለቢኪኒ ሕዝብ ከ563 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ፤ ካዝናው ውስጥ ግን ይህን የሚከፍል ገንዘብ አልነበረም። በ2010 ቢኪኒ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። «ለጊዜው» የተባለው ከተነገረ 80 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ዛሬም በቋሚነት የሚኖርባት የቢኪኒ ተወላጅ የለም።

ወንድማችን ይህን ሁሉ ሰምተው «ይህ የአሜሪካ ኃጢአት ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊሉኝ ይችላሉ። የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ወደ ፓስፊክ ሄዳ ሞሩሮአ በምትባለው የኮራል ደሴት ከመፈተኗ በፊት ቦምቧን የሞከረችው በእኛው አፍሪካ፣ በአልጄሪያ በረሃ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1960 ሬጋን አጠገብ ጀመረች። እንግሊዝም በሕንድ ውቅያኖስ የቻጎስን ሰዎች ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከደሴቶቻቸው ነቅላ ወደ ሞሪሸስና ሲሸልስ ጫነቻቸው፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ለአሜሪካ ጦር ሠፈር እንድትሆን። ውሾቻቸውን እንኳ አልማሯቸውም፤ ሰብስበው በጭስ ገደሏቸው። የቻጎስን ሰዎች ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም! እንግዲህ የተጠየቀውም ያልተጠየቀውም መጨረሻው ያው መርከብ ከሆነ፣ ያ መጠየቅ የተባለው ነገር ምን ረባ?

ስለ ቻጎስ ካነሣሁ አይቀር፣ የቴምብር ነገር አለበት። እንግሊዝ ሕዝቡን ማስወጣት በጀመረችበት በዚያው በ1968 በዚያ ግዛት ስም ቴምብር አወጣች፤ የሲሸልስን ቴምብር ወስዳ በላዩ ላይ የአዲሱን ግዛት ምሕፃረ ቃል አተመችበት። ባላገሩ የተባረረበት አገር፣ ዓሣና ወፍ የተሣለበት ቴምብር! ይህ ነገር እስከ 2021 ቆየ፤ በዚያ ዓመት የዓለም ፖስታ ኅብረት፣ አገራችን ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ ያንን ቴምብር አልቀበልም ሲል ወሰነ። ትንሽ ወረቀት ነው ብላችሁ አትናቁት። አንድ መንግሥት «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ለዓለም የሚናገረው በጦር ብቻ አይደለም፤ ምራቅ ተቀብቶ ፖስታ ላይ በሚለጠፍ ወረቀትም ነው።

እኛስ ብንሆን? በ1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ዳር፣ ለሱዳን አስተዳደር የንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ እስከ 1956 ድረስ ቆየ። ከዚያ የሚላክ ደብዳቤ የሱዳን ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። የሱዳን ቴምብር ደግሞ ከ1898 ጀምሮ፣ ስታንተን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በሠራው ሥዕል፣ ግመል የሚጋልብ ፖስተኛ ነው። ባሮ ዳር ግመል ማን አየ? ከዚህ ከጁባ የሚላከውም ያው ግመል ነበረው። በታንኳ የሚኖር ሕዝብ በግመል ተሥሎ ለዓለም ተላከ።

እዚህ ላይ የማርሻል ሰዎችን ቴምብር አመሰግናለሁ። ከ1984 ጀምሮ የራሳቸው ፖስታ ሲኖራቸው ዘንባባና ጀንበር ብቻ ሥለው ለቱሪስት መሸጥ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን መነቀላቸውን አተሙ። ቢሆንም አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥዕሉ ጸጥ ያለ ነው። ሰው ሁሉ በሰልፍ፣ ያለ ግፊት፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ወንድማችንን ያሳሳታቸው ይህ ጸጥታ ይመስለኛል። በሰልፍ የሚሄድን ሰው ፈቅዶ የሚሄድ ማስመሰል ቀላል ነው፤ እኔ ይህን ከቤቴ አውቀዋለሁ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በ1985 ስንዴ በሚታደልበት ሰልፍ ላይ ሳለ አንድ ካድሬ «ለምለም አገር ትፈልጋለህ ወይስ እዚሁ ትሞታለህ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ «እሺ» አለ፤ ስሙ ተጻፈ፤ ተጫነ። በዚያ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፍሯል፤ በመዝገብ ላይ ሁሉም ፈቃደኛ ነው። አባቴ የደረሰው ጋምቤላ ነው። የተሰጠው ማሳ የማን እንደነበረ ማንም አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀም። እኔ የተወለድኩት በዚያ ማሳ ዳር ነው። ወተት የጠጣሁት፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ ኋላም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብቼ መምህር የሆንኩት በዚያ ነው።

እዚህ ካምፕ ውስጥ ጎረቤቴ አኙዋክ ናቸው፤ ከዲሴምበር 2003ቱ የጋምቤላ ግድያ በኋላ በፖቻላ በኩል በእግር የወጡ ሽማግሌ። አንድ ማታ ቡና ላይ ያደግኩበትን ቦታ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ወንዙ ከታጠፈበት በታች? ሦስት የማንጎ ዛፍ ያለበት?» አሉኝ። «አዎን፣ ሦስት» አልኩ። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሲኒውን መለሱልኝ። በማግሥቱም እንደወትሯቸው ሰላምታ ሰጡኝ። ስለዚህ «ተጠይቆ እሺ ብሏል» የሚለው ነገር ለእኔ የሩቅ ደሴት ጨዋታ አይደለም። አባቴ ተጠይቋል፤ እሳቸው አልተጠየቁም፤ ሁለታችንም አሁን ከአንድ ቧንቧ ውኃ እንቀዳለን።

ይህ ደግሞ በደርግ ዘመን ብቻ አልቀረም። ከ2010 ጀምሮ በጋምቤላ 45,000 አባወራ በሦስት ዓመት ውስጥ በመንደር እንዲሰበሰብ ዕቅድ ወጣ። መንግሥት በፈቃደኝነት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የውኃ ጉድጓድ ለማቅረብ ነው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጃንዋሪ 2012 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች ተገድደው መነሣታቸውን፣ የተባለውም አገልግሎት በብዙ ቦታ አለመኖሩን ገለጸ፤ መንግሥት አስተባበለ። በእነዚያው ዓመታት በክልሉ ሰፋፊ መሬት ለኩባንያዎች ተከራየ፤ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ብቻ 100,000 ሔክታር ተፈቅዶለት ነበር፣ በ2015 ውሉ ተሰረዘ። ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም ተብሏል። አንባቢ ይፍረድ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ታጣቂ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ፣ «የሚቃወም አለ?» ሲባል እጅ አለመነሣቱ ፈቃድ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ከተመዘገበ፣ በምድር ላይ ያልፈቀደ ሕዝብ አይኖርም።

አሁን የወንድማችንን ጠንካራ ነጥብ ልውሰድ፤ አላቸውና። «ስደተኛ በሰው አገር ተቀምጦ ምን አቅም አለው? እንቢ ብንል የሚመጣብንን እናውቃለን» ብለዋል። እውነት ነው። ከ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ወዲህ ወደ ደቡብ ሱዳን የገባውን ሕዝብ ሁላችንም እናያለን፤ እነዚያም እንደኛው ጥላ ይሻሉ። ባለአገሮቹም ራሳቸው ስንት ጊዜ ተፈናቅለው አስጠግተውናል። እኔ እንቢ በሉ አላልኩም። ቦታ ጠቦ ከሆነ መንቀሳቀስ ግድ ሊሆን ይችላል። እኔ የምቃወመው ግዴታውን ፈቃድ ብለን መፈረማችንን ነው። ተገድዶ የሄደ ሰው ነገ «መልሱኝ» ሊል ይችላል። ፈቅጃለሁ ብሎ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ግን ነገ ያ ወረቀት ይወጣበታል፤ ልክ ወንድማችን ከ80 ዓመት በኋላ በቢኪኒ ሰዎች ላይ እንዳወጡት!

ስለዚህ ወሬው እውነት ሆኖ ወረቀቱ የመጣ እንደሆነ፣ በየብሎኩ ያላችሁ ተወካዮች፣ መጀመሪያ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ጠይቁ። ከስብሰባው ቀን የሚቀድም ከሆነ፣ ስብሰባው ማስታወቂያ እንጂ ጥያቄ እንዳልሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ከመካከላችን ቢያንስ ሦስት ሰዎች፣ አንዷ ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ አዲሱን ቦታ አስቀድመው ሄደው ይዩ፤ ጉድጓዱን፣ የማገዶውን ርቀት፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ባለበት ሁሉ ከጎኑ ቀን ይጻፍ። ቀን የማይጻፍ ከሆነ ቃሉ ይሰረዝ። እንግሊዝኛውንና ዓረብኛውን የምናነብ መምህራን አለን፤ ማንም ያላነበበውን አይፈርም፣ ማንበብ ለማይችሉት ከፊርማው በፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን። እኔ በግሌ በማንኛውም ሰዓት ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ማታ ከሆነ ፋኖስ ይዛችሁ ጥሩኝ፣ የእኔ ባትሪ አልቋል።

ወንድማችን በሚቀጥለው እትም መልስ እንዲሰጡ አዘጋጆቹ ሁለት ገጽ ይዘውላቸዋል። ጽሑፋቸውን ራሴ በጥሩ እጅ እገለብጥላቸዋለሁ፤ አንድ ቃል አልቀንስም።

ቴምብሯን በዚህ ገጽ ግርጌ በሙጫ አጣብቄአታለሁ። አንድ ብቻ ስለሆነች እባካችሁ አትንቀሏት፤ አይታችሁ ስታበቁ ለሚቀጥለው ብሎክ አስተላልፉ።